የአዳማ ባቡር ጣቢያ፦ ባቡሩን ወደድኩት፣ ጣቢያው ግን ራቀኝ

የምኖረው አዳማ ነው፣ ሥራዬ አዲስ አበባ። በሳምንት ሦስት ቀን እመላለሳለሁ፣ አንዳንድ ሳምንት አራት። እንደኔ የሚመላለስ ሰው አዳማ ውስጥ ብዙ ነው። ሳይነጋ መናኸሪያ ሄዳችሁ ብታዩ ታውቁታላችሁ፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚቆም፣ እንቅልፉን ሚኒባስ ውስጥ የሚጨርስ ሰው ነው። እና ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ባቡር እያለ ለምን በባቡር አትሄድም? ሐዲዱ እዚሁ አጠገባችን አይደለም እንዴ?

ባለፈው ወር ተሳፈርኩ። ከለቡ እስከ አዳማ፣ ከእማዬ ጋር። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው "እንዴት ነው?" እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ስለ ባቡሩም፣ ስለ ጣቢያውም፣ ትንሽ ስለ ድሮውም እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ከእማዬ ጋር ሄዶ ስለ ድሮው ሳያወሩ መመለስ አይቻልም።

እማዬ የተወለደችው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። አያቴ ልጆቿን ያሳደገችው በባቡር መስኮት ቅቅል እንቁላልና ብርቱካን እየሸጠች ነው። ባቡሩ ሲጮህ ቅርጫቷን ብድግ አድርጋ ትሮጣለች፣ እማዬ ደግሞ መልሱን ሳንቲም ይዛ ትከተላታለች። ይኼን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እማዬ ግን አዲሱ ባቡር ላይ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራትና አዲስ አበባ ወሰድኳት፣ ጀሞ እህቴ ቤት ሁለት ቀን አደርን። መመለሻው ላይ "በባቡር እንሂድ?" ስላት መልስ አልሰጠችኝም፤ ነጠላዋን ነው ማጠፍ የጀመረችው።

ትኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ገዛሁ። እንዲህ እንድታደርጉ እመክራለሁ፤ በተለይ በዓል ሲቃረብ በመጨረሻ ሰዓት ሄዶ ቦታ እናገኛለን ማለት አይሆንም። መታወቂያ ይጠየቃል፣ የእሷንም የእኔንም ይዤ ሄድኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ነገ ያነበበው ሰው ይሳሳትብኛል። የሚመረጠው የቦታ ዓይነት ግን ሦስት ነው፦ ተራ መቀመጫ፣ ስድስት ሰው የሚተኛበት ባለ ሦስት ድርብ አልጋ፣ እና አራት ሰው የሚይዝ ለስለስ ያለ አልጋ ክፍል። ለአዳማ ተራው መቀመጫ በቂ ነው። አልጋው ድሬዳዋና ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ሰው ነው።

የለቡ ጣቢያ ሰፊ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ብርሃን የሞላበት አዳራሽ ነው፣ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅበት። ዕቃ በማሽን ያልፋል፣ እንደ ኤርፖርት። እህቴ ለእማዬ በርበሬ አስይዛት ነበርና ፈታሿ ልጅ "እናቴ፣ ይኼ ምንድነው?" ብላ ጠየቀቻት። "በርበሬ ነው ልጄ፣ እዩት" አለችና ልትከፍተው ስትል፣ ሽታው ቀድሞ ወጣ። "ይለፉ እናቴ፣ ቀስ ብለው ይለፉ" አለቻት ልጅቷ። ደረጃው ጋ ደግሞ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ሮጦ መጥቶ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። ለትልልቅ ሰዎች ያላቸው አያያዝ ደስ ብሎኛል፣ ይኼን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

ባቡሩ ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ተነሳ። ጠዋት 2 ሰዓት። እኔ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ መናኸሪያ ውስጥ "ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን" እየተባለ አርባ ደቂቃ መቀመጥ የለመደ ሰው ይገባዋል። ሲነሳ ደግሞ አይታወቅም። እማዬ "ሄደ እንዴ?" አለችኝ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ምሰሶ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው ያወቀችው። የድሮው ሲነሳ ፉርጎ ከፉርጎ ይጋጭ ነበር፣ ሰው ከመቀመጫው ንቅንቅ ይል ነበር፣ ጭሱና ጩኸቱ ሌላ። ይኼኛው የኤሌክትሪክ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፣ 25 ሺህ ቮልት፤ ስለዚህ ሐዲዱ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን አደራ፣ ምሰሶ ላይ መውጣት ቀልድ አይደለም።

መቀመጫው በአንድ በኩል ሦስት በሌላው ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የተደረደረ ነው፣ መሀል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አለው። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ለሁለት ሰዓት አይከብድም፣ እስከ ድሬዳዋ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ግን ትራስ ቢይዝ ይሻላል። ፊት ለፊት መቀመጡ ግን ለወሬ ነው የተሠራው። እኛ ፊት አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፣ ወደ ድሬዳዋ የሚመለሱ። ድሮ በምድር ባቡር ድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ነው የሠሩት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ። እማዬ የባቡር ጣቢያ ልጅ መሆኗን ስትነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። እውነቴን ነው፣ አወለቁ። ከዚያ በኋላ እኔ አድማጭ ብቻ ሆንኩ።

ጋሼ የድሮውን ነገር ሲያወሩ ቃላቱ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። የጣቢያው አለቃ ለሳቸው እስካሁን "ሼፍ ደ ጋር" ነው። ለገሃር የምንለውም እኮ ከዚያው ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ለስዊዙ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መስመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው ሄደ፣ ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በአጠቃላይ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራሉ። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ የሚባለው አሮጌ ሆቴል ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው።

"ናዝሬት ላይ ግን እንቁላል ነበር" አሉ ጋሼ። "ከድሬዳዋ ስንመጣ ናዝሬት ደረስን ማለት እንቁላልና ብርቱካን ማለት ነው።" እማዬ ዝም ብላ አየቻቸው። "እናቴ ናት የሸጠችልዎ" አለች። እሳቸውም "ሊሆን ይችላል እህቴ፣ ለምን አይሆንም" አሉ። ሁለቱም ያምኑበት ነበር፤ እኔም ባምንበት ደስ ይለኛል።

አዳማ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው። ስሙ ከኦሮምኛው የመጣ ነው፣ ቁልቋል የሚበዛበት ቦታ ነበር ይባላል። ባቡሩ መጥቶ ጣቢያ ሲሆን ገበያው፣ መጋዘኑ፣ ማረፊያ ቤቱ በዙሪያው ተሰበሰበ። የአርሲ እህል እዚህ ወርዶ ባቡር ላይ ይጫናል፣ ወደ አርሲ የሚሄደው ሰው እዚህ ወርዶ መኪና ይይዛል። በ1946 ዓ.ም ወንጂ ላይ ሆላንዶቹ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍቱ ደግሞ ከተማዋ ጭራሽ ነፍስ ዘራች። ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ስም ያወጡላት ያኔ ባቡሩ በደንብ ሲሠራ ነው፤ በ1992 ዓ.ም ወደ አዳማ ተመለሰች። እማዬ ግን እስካሁን ናዝሬት ነው የምትለው፣ አይወጣላትም። አንድ ነገር ደግሞ ከጋሼ የሰማሁት አለ፣ በኋላ ሳጣራው እውነት ነው፦ በ1950ዎቹ ከናዝሬት ተነስቶ እስከ ዲላ የሚደርስ መስመር ታቅዶ ነበር። የሲዳሞን ቡና በባቡር ለማውጣት። ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከአዳማ ሐዋሳ አቅጣጫ በባቡር በሄድን ነበር። አልተሠራም።

ጋሼ አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የ1977ቱን የአዋሽ አደጋ ሲያነሱ ነው። በዚያ ጥር ወር ባቡሩ አዋሽ አካባቢ ኩርባው ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እማዬ አማተበች። በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአደጋው የሚያውቀው ሰው ያልሞተበት ቤት አልነበረም ትላለች። ለተወሰነ ደቂቃ ማንም ምንም አልተናገረም፣ ባቡሩ ብቻ ይሄድ ነበር።

የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄድ ያቆመው በ2000 ዓ.ም ግድም ነው። አዲሱ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ለሕዝብና ለጭነት መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 2010 ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያስተዳድሩትና የሚነዱት ቻይናዎቹ ነበሩ፤ በግንቦት 2016 ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ድርሻው 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው። ጋሼ ይኼን ሲነግሩኝ በጣም ነው ደስ ያላቸው። "አሁን የሚነዳው የኛ ልጅ ነው" አሉ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። የሐዲዱ ስፋትም አሁን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ። ድሮ ኩርባ ሲሆን ሰውነት የሚያዘነብለው ነገር አሁን የለም። እማዬ ሻይ ይዛ ስትጠጣ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

መንገዱ ያምራል። እንዶዴን፣ ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ስንደርስ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተቆልሎ ታያላችሁ። ይኼ ሐዲድ በዋናነት የተሠራው ለማን እንደሆነ እዚያ ጋ ይገባችኋል። የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ለጭነቱ ነው የተሠራው፣ ሰው ተጨማሪ ነው። ይኼን ሳስብ አልተናደድኩም። ጭነቱ ለሁላችንም ነው። ግን ጣቢያው ለምን እዚያ እንደሆነ፣ ሰዓቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሁሉም ነገር ከዚህ ይመነጫል፣ አሁን እደርስበታለሁ።

ከሞጆ በኋላ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከኮረብታው ላይ ብቅ ይላሉ፣ ነጭ ሆነው፣ እየዞሩ። አዳማ መድረሳችሁን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። አንደኛው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የአዳማ ነፋስ አቧራ ብቻ ነው የሚያመጣው እንል የነበርን ሰዎች አሁን በሱ መብራት እናበራለን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ጋሼ ድሬዳዋ ድረስ ስለሚሄዱ ቆመው ተሰናበቱን። እማዬ ከበርበሬው ላይ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

እሺ፣ አሁን ወደ ጣቢያው።

የአዳማ አዲሱ ጣቢያ ሕንፃው ጥሩ ነው። ንጹህ ነው፣ ሰፊ ነው፣ መውጫው አይጋፋም። ግን ከከተማው ውጭ ነው። ከበሩ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ሜዳና ነፋስ ነው። የድሮው ጣቢያ በር ላይ ገበያ ነበር፣ ሻይ ቤት ነበር፣ ሰው ነበር። እዚህ መኪና ወይም ባጃጅ ካልያዛችሁ በስተቀር የትም አትደርሱም። እኛ ከወረድነው ውስጥ ግማሹ የሚቀበለው ሰው ነበረው፣ ሌላው ወደ ባጃጆቹ ሄደ። ያገኘነው ባጃጅ እስከ ፖስታ ቤት ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም አለ። ዋጋውን ስሰማ ለባቡሩ ከከፈልኩት ጋር የሚቀራረብ ሆነብኝ። ለማከራከር ሞከርኩ፣ "ከዚህ ባዶዬን ነው የምመለሰው፣ የሚጫን ሰው የለም" አለኝ። ትክክሉን ነው። እሱም ተሳፋሪ አያገኝም፣ እኔም ሌላ ምርጫ የለኝም። እማዬ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለነበር ከፍዬ ገባሁ።

ለምን ከከተማ ውጭ እንደተሠራ ይገባኛል። እንደዚህ በፍጥነት የሚሄድ ባቡር ሰፊ ኩርባ ይፈልጋል፣ ከተማ መሀል ለማስገባት ስንት ቤት ማፍረስ ይጠይቃል። ኮንቴይነሩ ደግሞ ፖስታ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል? ግን ከጣቢያው ከተማ ድረስ ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቆ የሚቆም አንድ የከተማ አውቶቡስ ቢኖር ችግሩ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ አውቶቡስ ነው። ቲኬት ይዞ ለሚወርድ ሁሉ። ሐዲድ መቀየር አያስፈልግም፣ ጣቢያ መቀየር አያስፈልግም።

ሰዓቱ ሌላ ነገር ነው። እኛ የተሳፈርንበት የድሬዳዋው ባቡር ነው፣ ጠዋት ከለቡ ወጥቶ አዳማ ጥሎን ያለፈ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ሰዓቱ ልክ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ሥራ ገብቶ ማታ አዳማ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ግን ተቃራኒው ነው። እኔ ጠዋት የምፈልገው ወደ አዲስ አበባ ነው፣ እሱ ጠዋት የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ "ለምን በባቡር አትሄድም?" ለምትሉኝ መልሴ ይኼ ነው፦ ባቡሩ ስላልወደድኩት ሳይሆን የእኔ ሰዓት ላይ ስለማይሄድ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ድርብ ነው። ሁለት መስመር፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ። ከአዳማ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ነጠላ ይሆናል፤ እዚያ አንዱ ባቡር ሌላውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ከአዳማ ወዲህ ግን መጠበቅ የለም። ማለትም በመላው መስመር ላይ ለተመላላሽ ባቡር የሚመቸው ክፍል ይኼው የኛው ነው። ሰበታ፣ ለቡ፣ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። እስቲ እነዚህን ስሞች አንብቧቸው። አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ግን የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአዳማ የሚነሳ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከለቡ የሚመለስ፣ በየጣቢያው የሚቆም አንድ ባቡር ብዬ አስባለሁ። አንድ ባቡር ስንት ሚኒባስ ሰው እንደሚይዝ አስቡት። አንዱ ፉርጎ ብቻ ከ100 ሰው በላይ ያስቀምጣል።

በፈጣን መንገዱ የምንመላለሰውን ደግሞ ላወዳድርላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ፈጣን መንገድ እያለ ባቡር ምን ያደርጋል" ይላል። መንገዱ በ2007 ዓ.ም ሲከፈት በጣም ነው የተደሰትነው፣ አሁንም አመሰግናለሁ፤ ድሮ በአሮጌው መንገድ ከሲኖትራክ ጀርባ እየተንፏቀቅን የምንሄደውን የረሳ የለም። 85 ኪሎ ሜትር ያህሉ በአንድ ሰዓት ይታለፋል። ችግሩ መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያልቃል። ከዚያ ቃሊቲ አለ። ጠዋት ቃሊቲ ላይ የቆምኩትን ሰዓት ብደምረው ከፈጣን መንገዱ ላይ ካሳለፍኩት ይበልጣል። በዚያ ላይ ማታ ማታ ሹፌሩ ደክሞታል፣ እኛም ደክሞናል፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ልቤ ይሰቀላል። አንድ ማታ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ሲያንቀላፋ ያየሁት እኔ ነኝ። ትከሻውን መትቼ ነው የነቃው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢና ካልተቀመጥኩ አልሄድም፣ እኔ ነቅቼ እንድጠብቀው። ባቡር ውስጥ እማዬ ተኝታ ነበር፣ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ይኼ ነገር ስንት ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ብቻ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ለቡም መሀል ከተማ አይደለም። ጀሞና ለቡ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ይመቻል፣ መገናኛ ለሚሠራ ግን ከለቡ በኋላ ሌላ ጉዞ አለው። የከተማው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ያልቃል፣ ለቡ አይደርስም። ሁለቱ ባቡሮች አንድ ቦታ ላይ ቢገናኙ ምን ያህል ነገር እንደሚቀየር እኔ ሳስበው ብቻ ይደክመኛል።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለባቡሩ ከ5 አራት ተኩል እሰጣለሁ። ለሠራተኞቹ አምስት። ጣቢያው ላለበት ቦታ ሁለት። እናትና አባታችሁን፣ ትንንሽ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ ድሬዳዋ ለምትሄዱ፣ ሳትጠራጠሩ ሂዱበት። ልጆች መሀል ላይ መሄድ ይችላሉ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ማንም "ውረድ፣ ሌላ መኪና ያዝ" አይላችሁም። ጠዋት ሥራ ለመግባት ብላችሁ ግን እንደኔ ገና ጠብቁ።

ከሰዓት በኋላም እማዬ አላረፈችም። ቤት ገብተን ምሳ በልተን ስትነሳ "የድሮውን ጣቢያ አሳየኝ" አለችኝ። እሷ ናት እኔን ማሳየት ያለባት፣ ግን እንደዚያ ነው ያለችው። ሄድን። ባቡር ካለፈበት ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቆም ብላ ግራና ቀኝ አየች፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች። "እዚህ ጋ ነው የሦስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ የሚቆመው" አለች። "እዚያ ብርቱካን ቶሎ ያልቃል። አንደኛ ማዕረጎቹ ይከራከራሉ፣ እነዚህ ግን ዝም ብለው ይገዛሉ።" አያቴ የት እንደምትቆም በእጇ አሳየችኝ። የሚገርመኝ ከተማው በሙሉ በዚያች ጣቢያ ዙሪያ መሆኑ ነው። ከዚያ ተነስቶ በእግር የማይደረስበት ነገር አልነበረም፤ አያቴ ባጃጅ አላስፈለጋትም።

የመጨረሻ ምክሬን ልስጥና ልጨርስ። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያ ድረሱ፣ ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል። መታወቂያ አትርሱ። ውኃና ምግብ ያዙ፣ በመስኮት የሚሸጥ የለም። አዳማ ከመድረሳችሁ በፊት ደውላችሁ የሚቀበላችሁ ሰው አዘጋጁ፣ ከተቻለ ከወረደው ሰው ውስጥ ወደ ሰፈራችሁ የሚሄድ ፈልጋችሁ ባጃጁን ተካፈሉ። ከለቡ ወደ አዳማ ስትመጡ ደግሞ በቀኝ በኩል መስኮት ያለበትን ቦታ ያዙ። ቢሾፍቱ አካባቢ ስትደርሱ ሰማዩ ጥርት ካለ ዝቋላ ይታያል። እማዬ ተኝታ ነበር ብያችኋለሁ፣ ግን ከመተኛቷ በፊት እሱን አየች። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና "አቡዬ፣ በባቡር መጣሁልህ" አለች።